ጣና ላይ ለሚጀምር ሰው የካይት ሰርፊንግ ዕቃ አመራረጥ

ካይት ሰርፊንግ ማለት ንፋስ በሚገፋው ትልቅ የጨርቅ ካይት እየተጎተቱ፣ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ውኃ ላይ መንሸራተት ነው። የካይት ሻጮች የሚያሳዩት የመጠን ሰንጠረዥ የተዘጋጀው ለባሕር ጠረፍ ነው። ጣና ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ከጠረፉ አየር በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ካይቱ የሚጎትትበት ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ሁርጋዳ ወይም ዛንዚባር ላይ አንድን ሰው ከውኃ ብድግ አድርጎ የሚያቆም 9 ካሬ ካይት፣ ባሕር ዳር ከተማ ጣና ላይ በዚያው የንፋስ ፍጥነት ሰውየውን ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ሊያስቀረው ይችላል። በጎጃም በኩል ጣና ላይ መጀመር የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ይህን ነው።

ትምህርቱ ከዕቃው ይቅደም። የጀማሪ ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል፤ አይ.ኬ.ኦ. ወይም ቪ.ዲ.ደብልዩ.ኤስ. በሚባሉት አስተማሪዎችን በሚያረጋግጡ ድርጅቶች የታወቀ አስተማሪ ፈልጉ። ለእኛ ቅርብ የሆኑት የግብፅ ቀይ ባሕር ጠረፍ፣ የኬንያው ዲያኒና የዛንዚባሩ ፓጄ ናቸው። ዕቃውን ቀድሞ የገዛ ሰው ትዕግሥት ያጣና ብቻውን ይሞክራል፤ ካይት ደግሞ ብቻቸውን የሚማሩት ነገር አይደለም። በሥልጠናው ላይ የያዛችሁትን ካይት መጠን፣ የዕለቱን ንፋስና የሰሌዳውን ርዝመት በማስታወሻ ያዙ። ጣና ስትመጡ የምታስተካክሉት እነዚያን ቁጥሮች ነው።

ንፋሱን መለካት

ከሥልጠና ቀጥሎ የሚገዛው በእጅ የሚያዝ ትንሽ የንፋስ መለኪያ ነው፤ ካይቱ ይቆይ። ንፋሱን የምትለኩት በኖት ነው፤ 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ወር ያህል ማለዳ 1 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ቁሙ። መለኪያውን ከራሳችሁ በላይ ከፍ አድርጋችሁ ለሁለት ደቂቃ ያዙና አማካዩንም ከፍተኛውንም ጻፉ። አቅጣጫውንም አትርሱ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ከአማካዩ ሲሶ ከበለጠ ንፋሱ የሚቆራረጥ ነውና ለጀማሪ አይሆንም።

ወደ ገዳማቱ የሚወስዱ ጀልባ ነጂዎች መንገደኛ ጠዋት ጠዋት መጫን የሚወዱት ያለ ነገር አይደለም። ማለዳ ውኃው ይተኛል፤ የብሱ በፀሐይ ሲግል ከቀትር በኋላ ንፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር መንፈስ ይጀምራል። ባሕር ዳር ከሐይቁ ደቡብ ስለሆነች ይህ ንፋስ ወደ ዳር የሚመልስ ነው፤ ለጀማሪ በጣም ጥሩው ወደ ዳር ሆኖ በሰያፍ የሚመጣው ነው። ሌሊትና ማለዳ ከየብስ ወደ ሐይቅ የሚነፍሰው ግን የሚወስድ እንጂ የሚመልስ አይደለም፤ ቢበረታም አትውጡበት። መለኪያ በእጃችሁ ከሌለ ውኃውን እዩ። እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ብቅ ማለት ከጀመረ ንፋሱ ከ8 እስከ 10 ኖት ደርሷል ማለት ነው። አረፋው በዛ ብሎ ሐይቁን ሲሞላው ከ12 ኖት አልፏል። የጀማሪ መነሻ ይኸኛው ነው። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲያስገመግም፣ ዝናቡ ገና ማዶ ጎንደር በኩል ቢሆንም እንኳ፣ ካይት መሬት ላይ ይዋል፤ ከዝናብ ደመና ፊት ፊት የሚመጣው ንፋስ በደቂቃ ውስጥ በእጥፍ ይጨምራል።

የካይቱ መጠን

ስሌቱ ቀላል ነው። ክብደታችሁን በኪሎ ወስዳችሁ ለንፋሱ ፍጥነት በኖት አካፍሉት፤ የመጣውን በ2.2 አባዙት። ይህ የባሕር ጠረፉ መጠን ነው። ለጣና ሩቡን ጨምሩበት። አየሩ የሳሳው በ20 በመቶ ሆኖ ሳለ 25 በመቶ የሚጨመረው፣ 80 ወደ 100 የሚመለሰው በ1.25 ሲባዛ ስለሆነ ነው።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ16 ኖት ንፋስ እንውሰድ። 70 ለ16 ሲካፈል 4.4 ገደማ፣ በ2.2 ሲባዛ 9.6 ካሬ። ሩቡ 2.4 ሲጨመርበት 12 ካሬ። ይኸው ሰው በ14 ኖት መውጣት ከፈለገ 11 ካሬ ወደ 14 ካሬ ያድግበታል። ከ65 ኪሎ በታች ለሆነ ሰው 12 ካሬ ብቻውን ይበቃዋል። ከ65 እስከ 80 ኪሎ ያለው 14 ካሬ ይያዝ። ከ80 በላይ የሆነው 17 ካሬ ከመፈለግ ይልቅ 14 ወይም 15 ካሬ ገዝቶ 17 ኖት እስኪነፍስ ቢጠብቅ ይሻለዋል፤ በጣም ትልቅ ካይት ሲዞር ይዘገያል፣ ውኃ ላይ ሲወድቅ ደግሞ በደካማ ንፋስ አይነሣም።

ትልቅ ካይት መያዝ ግን ንፋሱ ሲበረታ ሌላ ጣጣ አለው። ለዚያው 70 ኪሎ ሰው በ22 ኖት የሚበቃው 9 ካሬ ነው። 12 ካሬ ይዞ ውኃ ላይ ሳለ መለኪያው 20 ካለፈ ጀማሪው ወደ ዳር ይመለስ እንጂ «ኃይሉን ቀንሼ እይዘዋለሁ» አይበል። ሁለተኛ ትንሽ ካይት የሚገዛው የመጀመሪያው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ የሚነፋ የፊት ቱቦና ከሱ ወደ ኋላ የሚዘረጉ ሦስት አጥንት የሚባሉ ቱቦዎች ያሉት፣ ቦው ወይም ዴልታ የሚባለው ቅርጽ ይሁን። ሁለት ነገር ያስመርጠዋል፤ እጀታውን ስትለቁት ጉልበቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፣ ውኃ ላይ ሲወድቅም አንዱን የኋላ ገመድ ስትስቡት ተገልብጦ ይነሣል። ሲ ቅርጽ የሚባለው ለዘላዮች የተሠራ ነው። ቱቦ የሌለው፣ አየር በኪሶቹ የሚገባበት ጨርቅ ካይት በደካማ ንፋስ ግሩም ነው፤ ጀማሪ እጅ ላይ ግን ውኃ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚወድቅ ውኃ ይሞላና አይነሣም።

ለመለማመጃ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ካሬ የሆነች ባለ ሦስት ገመድ ትንሽ ካይት ግዙ። ሦስተኛው ገመድ ሲሳብ ካይቷ ወዲያው ትወድቃለች፤ ባለ ሁለት ገመዷ ይህ የላትም። ጥርና የካቲት ላይ ጤፉ ተነሥቶ ማሳው ባዶ ሲሆን፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ በገለባው ላይ መለማመድ ይቻላል። ዛፍም ሽቦም ከብትም በሌለበት ቁሙ። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ከፍታው ወደ 2,400 ሜትር ስለሚጠጋ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ እዚያ 2 ካሬዋ ብዙም አትጎትትምና 3 ካሬዋን ያዙ።

እጀታው፣ ገመዱና መልቀቂያው

ገንዘብ የሚቆጠበው በሌላው ሁሉ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ አይቆጠብም። ከካይቱ ጋር የሚያገናኛችሁ እጀታው ነው። እጀታው መሃል ላይ፣ ወገባችሁ ላይ በምትታጠቁት መታጠቂያ መንጠቆ የሚገባ ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ላይ ደግሞ ወደ ፊት ሲገፋ የሚከፈት ፈጣን መልቀቂያ። ካይቱ እንቢ ሲላችሁ ሕይወታችሁን የሚያተርፈው ይህ መልቀቂያ ነው። አይ.ኤስ.ኦ. 21853 የሚባል የመልቀቂያ መለኪያ በ2020 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ይህን አሟልቶ የተሠራ እጀታ ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ።

ከመግዛታችሁ በፊት እንዲህ ሞክሩት። መታጠቂያውን ታጠቁ፣ ቀለበቱን መንጠቆው ላይ አግቡ፣ አንድ ጓደኛችሁ የፊት ገመዶቹን ይዞ በሙሉ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሳብ። እሱ እየሳበ ሳለ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በአንድ እጅ መልቀቂያውን ግፉት። ወዲያው ካልተከፈተ ዕቃውን ተዉት፤ ዋጋ ተቀንሶላችሁም ቢሆን። ከዚያ መልሳችሁ ግጠሙት። ዝርግ መሬት ላይ ቆማችሁ ለመግጠም ግማሽ ደቂቃ ከፈጀባችሁ ማዕበል ውስጥ አይሆንላችሁም። በግራ እጅም ድገሙት።

መልቀቂያው ከተከፈተ በኋላ ካይቱ በአንድ የፊት ገመድ ብቻ ተንጠልጥሎ እንደ ባንዲራ መዘርጋት አለበት። ይህ እንዲሆን የደህንነቱ ገመድ ከመታጠቂያችሁ ፊት ለፊት ወደዚያ የፊት ገመድ ይያያዛል። የደህንነቱ ገመድም የራሱ ሁለተኛ መልቀቂያ ይኑረው። ካይቱ ከሌላ ሰው ገመድ፣ ከዓሣ አጥማጅ መረብ ወይም ከጀልባ ጋር ሲጠላለፍ የመጨረሻው መውጫችሁ እሱ ነው። ከዝናብ በኋላ የጣና ውኃ ደለል ይዞ ይደፈርሳል፤ ደለሉ መልቀቂያው ውስጥ ደርቆ ይይዘዋል። ስለዚህ በወጣችሁ ቁጥር በንጹሕ ውኃ እጠቡት፣ ከመግባታችሁ በፊትም አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉት።

ገመዱ አራት ይሁን፣ ርዝመቱ ከ20 እስከ 24 ሜትር። እጀታው ለ12 እና ለ14 ካሬ ካይት ከ50 እስከ 55 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይበቃዋል። የተቻለ እንደሆነ ካይቱንና እጀታውን ከአንድ ፋብሪካ ግዙ፤ የአንዱ ካይት በሌላው እጀታ ሲታሰር የፊት ገመዶቹ የሚለያዩበት ከፍታና የማሰሪያው ቋጠሮ ላይስማማ ይችላል።

ብዙ ጀማሪ «ካይቱ ተበላሸ» የሚለው የገመድ እኩልነት ሲጓደል ነው። የፊት ገመዶቹ ከኋላዎቹ የበለጠ ክብደት ስለሚሸከሙ ከጊዜ በኋላ ይረዝማሉ። ያኔ የኋላዎቹ በአንጻሩ ያጥራሉ፤ እጀታውን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ካይቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ኋላ እየሸሸ ይወድቃል። መፈተሻው ይኸውላችሁ። መሬት ላይ ችካል ትከሉ፣ የአራቱንም ገመዶች ጫፍ ችካሉ ላይ አጥልቁ። የኃይል ማስተካከያውን ሙሉ ኃይል ላይ አድርጉ፤ እጀታውን እስከ መጨረሻው ወደ ራሳችሁ ስባችሁ ገመዶቹን ወጥሩ። አራቱም እኩል ከተወጠሩ ደህና ነው። የኋላዎቹ ጠብቀው የፊቶቹ ከላሉ፣ የኋላ ገመዶቹን ማሰሪያቸው ላይ ካለው ቋጠሮ ወደ ውጭኛው ቋጠሮ አሳልፏቸው። እጀታው ራሱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ካዘነበለ አንደኛው የኋላ ገመድ ብቻ ነው የረዘመው፤ ካይቱም ያለ ትእዛዝ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ልዩነቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ሳታስተካክሉ አትውጡ።

ሰሌዳው

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ስፍራ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ንፋስ ሲበረታ ሞገዱ አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ይሆናል። ንፋሱም ለስላሳ ስለሆነ ሰፊና ዝርግ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ሁለቱ ጫፎቹ እኩል የሆኑት ትዊን ቲፕ የሚባለውን ያዙ። እስከ 65 ኪሎ 140 በ42 ሳንቲ ሜትር፣ ከ65 እስከ 80 ኪሎ 145 በ43፣ ከዚያ በላይ 150 በ45 ወይም ከዚያ የሚበልጥ። ሰሌዳውን ዝርግ ወለል ላይ ጣሉና ጫፎቹ ምን ያህል ከመሬት እንደሚነሡ እዩ፤ በጣም የጎበጠው ለዝላይ ነው፣ በደካማ ንፋስ ግን ውኃውን እያረሰ ይሄዳል። ከሥሩ ያሉት ፊን የሚባሉ ትናንሽ ክንፎች ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ። የእግር ማስገቢያው በጫማም ያለ ጫማም የሚስተካከል መሆኑን አረጋግጡ፣ የጣና ዳር ድንጋይ ባዶ እግር አያስኬድምና።

ሰሌዳውን ከሰውነት ጋር በገመድ ማሰር ክልክል ነው ብላችሁ ያዙት። ገመዱ ተለጥጦ ሲመለስ ሰሌዳው የሚያርፈው ጭንቅላት ላይ ነው።

ከውኃ በላይ የሚንሳፈፈው ባለ ረጅም እግር ፎይል ሰሌዳ ለደካማ ንፋስ መፍትሔ መስሎ ይታያል። ለጀማሪ ግን ሹል ብረት ነው፤ ጣና ላይ ደግሞ እግሩ በዓሣ መረብ፣ በድንጋይና እምቦጭ ባለበት ቦታ በእምቦጩ ሥር ይያዛል። ለጊዜው ይለፋችሁ።

ከአዲስ አበባ በአባይ በረሃ በአውቶቡስ ለሚያመጣ ሰው ረጅም ሰሌዳ ጣጣ ነው። ፊኖቹን ፍቱ፣ ሰሌዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ጣሪያ ላይ ከሻንጣዎች በላይ አሳስሩት። ሁለት ተከፍሎ የሚገጣጠም ሰሌዳም አለ፤ ይከብዳል፣ ይወደዳል፣ ነገር ግን ይመቻል።

መታጠቂያው

የወገብና የመቀመጫ የሚባሉ ሁለት ዓይነት አሉ። ጀማሪ ካይቱን ከራሱ በላይ አቁሞ ስለሚቆይ ጉተታው ወደ ላይ ነው፤ የወገቡ መታጠቂያ በዚህ ጊዜ ወደ ላይ ሸሽቶ ጎድን ይጨቁናል። በእግር መካከል የሚያልፈው የመቀመጫው ግን ካለበት አይነቃነቅም። ቀጭንና ቂጥ አልባ የሆነ ሰው፣ እንዲሁም ሆዱ ገፋ ያለ ሰው፣ ያለ ጥርጥር የመቀመጫውን ይምረጥ። የወገቡን የፈለገ ደረቅ ሳለ ጥብቅ የሚለውን ይውሰድ፣ ውኃ ሲነካው ይላላልና። አጥብቃችሁ ከታጠቃችሁ በኋላ መንጠቆውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ከአራት ጣት በላይ ከተንቀሳቀሰ ትልቅ ነው። የመታጠቂያው ኪስ ውስጥ የገመድ መቁረጫ ቢላ መኖሩን እዩ፤ ከሌለ ለብቻው ግዙ።

የሚለበሰው

መንሳፈፊያ ሰደርያው 50 ኒውተን የሚል ጽሑፍ ይኑረው። ግጭት መከላከያ ተብሎ የሚሸጠው ስስ ሰደርያ ሰውን አያንሳፍፍም፤ ጣና ጨው የሌለው ውኃ ስለሆነ ደግሞ እንደ ባሕር አያግዛችሁም። የራስ ቁሩ ኢ.ኤን. 1385 የሚል የአውሮፓ መለኪያ ጽሑፍ ያለበት ይሁን። ቀላል የውኃ ልብስ ይበቃል፤ ነገር ግን እጅና እግሩ ረጅም ቢሆን ይመረጣል፣ በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። ሶሉ ወፍራም የሆነ የኒዮፕሪን ጫማ አትርሱ።

የጣና አካባቢ ቢልሃርዚያ አለበት፤ ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ዳር ዳር ደንገልና ሣር ባለበት ዝግ ውኃ ነው። ልብስና ጫማ ንክኪውን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። ቆማችሁ የምትቆዩበት ቦታ ከሣሩ የራቀ ይሁን፤ ከወጣችሁ በኋላ ሰውነታችሁን ቶሎ አድርቁ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይታችሁ ሰገራ አስመርመሩ፤ ከተገኘ ፕራዚኳንቴል ያድናል።

ዕቃው ምንም ቢያምር አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል አትግቡ፤ ጉማሬ አለ፣ ወራጁም ይወስዳል። ዘጌ ጫካው ውኃ ድረስ ስለሚደርስ ካይት የሚነሣበት ሜዳ የለም። የምትነሡበት ቦታ ከገመዱ ርዝመት እጥፍ በላይ፣ ቢያንስ 50 ሜትር፣ በንፋሱ መውረጃ በኩል ባዶ ይሁን። ታንኳ ላይ ላለ ሰው ሁልጊዜ እናንተ ናችሁ መንገድ የምትለቁት፤ የተወጠረ የካይት ገመድ ሥጋ ይቆርጣል።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ

ሰሌዳ አሮጌ ቢሆን ግድ የለም። ካይት ከአራት አምስት ዓመት ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራውን ግን በነጻም አትቀበሉ፣ ያኔ የነበሩት ኃይላቸው በደንብ አይቀንስም። ጨርቁን በእጃችሁ ጨብጡት። አዲስ ወረቀት ሲታሽ እንደሚሰማው ካንኮሻኮሸ ደህና ነው፤ እንደ ነጠላ ከለሰለሰ ፀሐይ በልቶታል። የኋላ ጠርዙን ስፌት፣ ልጓሙ፣ ማለትም ገመዶቹን ከካይቱ ጋር የሚያገናኙት አጫጭር ክሮች፣ ከፊት ቱቦው ጋር የሚያያዝበትን ቋጠሮና ትናንሾቹን መዘውሮች አንድ በአንድ እዩ፤ ልጓሙ የሚበላው መዘውር ላይ ነው።

ከዚያ ንፉት። የብስክሌት መንፊያ አይሆንም፤ ሰፊ አየር የሚገፋ የካይት መንፊያ ያስፈልጋል። ለ12 ካሬ ከ6 እስከ 8 ፒ.ኤስ.አይ. ይበቃል፣ ትክክለኛው ቁጥር ቱቦው ላይ ተጽፏል። እዚህ ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ግፊት የሚገባው አየር ስስ ስለሆነ ከጠረፉ ይልቅ ትንሽ ብዙ ጊዜ መግፋት ይጠይቃል፤ መለኪያው ግን የሚያሳየው ትክክለኛውን ነውና እሱን እመኑ። ጥላ ሥር አድርጋችሁ ሦስት ሰዓት ተዉት። ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት አየሩ ሰፍቶ የውስጡን ከረጢት ሊያፈነዳው ይችላል። ከሦስት ሰዓት በኋላ የፊት ቱቦው ሲታጠፍ እጥፋት ካወጣ ይተነፍሳል።

መተንፈሱ ብቻውን ከመግዛት አያግድም፣ ዋጋው ላይ ይታሰብ። ከረጢቱን አውጥታችሁ በጥቂቱ ነፍታችሁ የሳሙና ውኃ ቀቡት፤ አረፋ የሚያወጣው ቀዳዳው ነው። በስክሪብቶ ክበቡት፣ አጥባችሁ አድርቁት። ጎሚስታ ጋ አትውሰዱት፤ ከረጢቱ የተሠራው ቲ.ፒ.ዩ. ከሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ የጎማ ማስቲሽ አይዘውም፣ በማግስቱ ይላቀቃል። ለካይት ከረጢት ተብሎ የሚሸጠውን ተለጣፊ ቁራጭ ከዕቃው ጋር አብራችሁ አስመጡ፤ ከሱ ጋር ለጨርቁ የሚሆን ተለጣፊ፣ አንድ መለዋወጫ ቫልቭና አንድ መለዋወጫ ገመድ። ቁራጩን ስትለጥፉ ከመሃል ወደ ዳር በጥፍር እየተጫናችሁ አየሩን አስወጡ፣ አንድ ሌሊት ይደር። ከረጢቱን ወደ ቱቦው ስትመልሱ ጫፉ ላይ ገመድ አስራችሁ ሳቡት፤ ከተጠማዘዘ መጀመሪያ በተነፋበት ቀን ይፈነዳል፣ ስለዚህ እስከ ግማሽ ነፍታችሁ በእጃችሁ ከዳር እስከ ዳር እየዳሰሳችሁ አቃኑት፣ ከዚያ ሙሉውን ንፉ።